የአቋቋም መምህር፦ ከዋግ እስከ ደብረ ታቦር የአንድ ሙያ ታሪክ

አቋቋም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሚሰጡት የዜማ ትምህርቶች አንዱ ነው። የማኅሌቱን ዜማ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ፣ ከእግርና ከመላ ሰውነት ንቅናቄ ጋር አስማምቶ ማድረስን ያስተምራል። በሀገሪቱ ብዙ ዓይነት ውዝዋዜና ጭፈራ አለ፤ የራሱ ጉባኤ ቤት፣ የራሱ የትምህርት ተራና የራሱ ማስመስከሪያ ኖሮት ለዘመናት የዘለቀው ግን አቋቋም ነው። ሙያው በወንዶች እጅ ኖሯል። በወጣትነቱ ሌሊቱን ሙሉ በቅኔ ማኅሌት ቆሞ የሚዘምም ደብተራ ትምህርቱን ሲያደላድል ያስመሰክራል፣ ቀጥሎም ወንበር ተክሎ ተማሪ ይሰበስባል። የአቋቋም ታሪክ ከሞላ ጎደል የእነዚህ ዘማሚዎች ወደ መምህርነት መሸጋገር ታሪክ ነው፤ መምህር ያገኘው ስልት ዘልቋል፣ መምህር ያጣው ጠፍቷል።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ያሉ አድባራትና ገዳማት የዚህ ትምህርት ተካፋዮች ናቸው። ስመ ጥር የሆኑት የአቋቋም ማስመስከሪያዎች ያሉት ግን በጎንደርና በደብረ ታቦር ስለሆነ፣ የዋግ ልጅ በዚህ ሙያ መምህር ለመባል ከሀገሩ ወጥቶ መመለስ ይኖርበታል። የዋግን የአቋቋም ታሪክ ከመንገዱና በመንገዱ ላይ ከሚገኙት ጉባኤ ቤቶች ለይቶ መናገር የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

መነሻው

የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት የዜማውን ሁሉ ምንጭ ቅዱስ ያሬድ ያደርገዋል። ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም የኖረ ሊቅ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች የደረሰው፣ ድጓን የመሰሉ የዜማ መጻሕፍትን ያዘጋጀው እርሱ ነው። ስለ እርሱ ከሚነገሩት ሁሉ የታወቀው ትረካ ደግሞ አቋቋምን የሚመለከት ነው። ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ ጦራቸውን ሳያውቁት በእግሩ ላይ ተከሉት፤ ያሬድም ዜማውን እስኪጨርስ ድረስ ሕመሙ አልተሰማውም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ይህ ትዕይንት ደጋግሞ ይታያል። ያሬድ ቆሞ፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ ከእግሩ ደም እየፈሰሰ ይሣላል። ዜማ ከድምፅ ባሻገር የቆመ ሰው ሥራ መሆኑን ሊቃውንቱ የሚያስረዱት በዚህ ትረካ ነው።

ዜማው በቃል ሲወርድ ከቆየ በኋላ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማ ምልክት አበጁለት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይና በታች እየተጻፉ ድምፁ የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ይመራሉ። ይህ ለድጓ መምህራን ትልቅ እፎይታ ነበር። ምልክቶቹ የተሠሩት ግን ለጉሮሮ ነው። እግር የት እንደሚረግጥ፣ ጉልበት መቼ እንደሚሰበር፣ መቋሚያው ወዴት እንደሚያዘነብል የሚነግሩት ነገር የለም። በአቋቋም ተማሪዎች መጽሐፍ ላይም የሚገኘው ቢበዛ ይህ በቁም፣ ያ በዝማሜ፣ ይህኛው በመረግድ ይባላል የሚል ጥቆማ ነው። እንዴት እንደሚደረግ የሚታየው ከመምህሩ ሰውነት ላይ ነው።

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ አድባራቱ እየበዙ ሄዱ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በየደብሩ መሬት እየሰጡ ደብተራ ተከሉ። በአንድ ከተማ ብዙ ሊቃውንት ሲሰበሰቡ ፉክክሩም ትምህርቱም ተጠናከረ፤ አቋቋም ራሱን የቻለ ጉባኤ ሆኖ የደረጀውም በጎንደር ነው። የጎንደር በአታ ማርያም የዚህ ትምህርት ማስመስከሪያ ሆና እስከ ዛሬ ትታወቃለች።

ሰቆጣና ዋግ

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ የቆየች ከተማ ናት። ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ስትሆን፣ በንጉሡና በደርግ ዘመን ደግሞ በወሎ ሥር የዋግ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የአካባቢው አገው ኽምጣኛ ይናገራል፤ ከአማርኛም ጋር ኖሯል። ዋግን ለዘመናት ያስተዳደሩት ዋግሹሞች ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራሉ። መንግሥቱ በ1262 ዓ.ም. ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር ለቀድሞው ቤት በዋግ ክብሩ ተጠብቆለት እንደቀረ በትውፊት ይነገራል። ከሰቆጣ ብዙም በማይርቀው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግሹሞች አስከሬን ተጠብቆ ይገኛል።

የዋግ ተማሪ በቤቱ ኽምጣኛ እየተናገረ፣ ከመምህሩ ጋር በአማርኛ እየተግባባ፣ የሚያዜመውን በግእዝ ይማራል። በዚህ ሀገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሦስት ቋንቋ ሥራ ነው። ንቅናቄውን በመመልከት የሚማረው አቋቋም በዚህ በኩል ከቅኔ ይልቅ ይቀላል፤ በጉልበትና በትዕግሥት ግን ከሁሉ ይከብዳል።

በዋግ ሁለት ዓይነት ንቅናቄ በአንድ ቀን ጎን ለጎን የሚታይበት በዓል አለ። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ቀን ሲደርስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደብተራዎቹ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ያነጋሉ። ሲነጋ ደግሞ ልጃገረዶቹ በልብስና በጌጥ አምረው፣ ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ በቡድን ይወጣሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዓል የሰቆጣው ስም ሻደይ ነው። ልጃገረዶቹ ጭፈራውን የሚማሩት ከታላላቅ እኅቶቻቸው ነው፤ ወንበር የለውም፣ ምስክርም አይጠየቅበትም። በማኅሌቱ በኩል ግን ከመምህር ሳይማሩ ከበሮ መያዝ ነውር ነው። የሁለቱ ልዩነት አቋቋም ከሌላው ጭፈራ የሚለይበትን ነገር አጉልቶ ያሳያል። አቋቋም በዕድሜና በመኖር ብቻ አይገኝም፤ ከእገሌ ተምሬ እገሌ ዘንድ አስመሰከርሁ መባል አለበት።

የተማሪው መንገድ

የአብነት ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው በንባብ ቤት ነው። ፊደል ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ውዳሴ ማርያሙንና ጸሎቱን በቃሉ ይዞ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ጾመ ድጓውንና ድጓውን ይዘልቃል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚማር አለ፣ ወደ ቅኔ ቤት የሚያቀናም አለ። አቋቋም ዜማን ላወቀ ሰው የሚሰጥ ትምህርት ስለሆነ ከድጓ በኋላ ይመጣል፤ ድምፁ ያልተስተካከለ ተማሪ እግሩ ቢስተካከልም ማኅሌት አይቆምም።

ከሰቆጣ ተነሥቶ በደቡብ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄድ ተማሪ በመንገዱ የቤተ ክርስቲያኒቱን የዜማ ጉባኤያት ተራ በተራ ያገኛቸዋል። ላስታን አልፎ ወደ ዋድላ ሲወርድ የቅዳሴ ማስመስከሪያዋ ሰለልኩላ አለች። በጋይንት ለድጓው ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ይገኛሉ። ከጋይንት ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በፎገራ ሜዳ አድርጎ ጎንደር ይደርሳል። ዛሬ በመኪና ቀናት የማይፈጀው ይህ መንገድ በየጉባኤው ለሚቀመጥ ተማሪ የዓመታት ጉዞ ነበር። በአንዱ ቤት ሁለትና ሦስት ክረምት ተቀምጦ፣ ሌላውን ቤት ሰምቶ፣ ደበሎውንና አኮፋዳውን አንሥቶ ይሄዳል። በምዕራብ በኩል ያለው መንገድ አጭር ቢመስልም የተከዜ ሸለቆ ይገጥመዋል፤ ቆላው ወባማ፣ ወንዙም በክረምት የማይደፈር ነው።

በዚህ ጉዞ የተማሪውን ቀለብ የሚሸፍነው የመንደሩ ሕዝብ ነው። ተማሪው በየደጁ እየቆመ በእመቤታችን ስም ይለምናል። የሰጡትን ቁራሽ በአኮፋዳው ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ቆሎ ያላት እናት ቆሎ፣ እንጀራ ያላት እንጀራ ትሰጣለች። ውሻ ማባረር፣ ዝናብ መመታት፣ ከሀገር ሽማግሌ መመረቅ የተማሪነት አካል ናቸው። ከዚህ የሚነሣ አንድ ቀላል እውነት በአቋቋም ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፦ ሕዝቡ ሲጠግብ ጉባኤው ይሞላል፣ ሕዝቡ ሲራብ ጉባኤው ይበተናል።

በአቋቋም ቤት

በአቋቋም ጉባኤ ቤት ተማሪው ዜማውን በተራ ቀስ በቀስ ያጠናል። መምህሩ በወንበራቸው ይቀመጣሉ፣ ተማሪዎቹ በፊታቸው በቡድን ሆነው የዕለቱን ቀለም ይቀበላሉ። የዓመቱ ክብረ በዓላትና የየሰንበቱ መዝሙር በየወቅታቸው ይጠናሉ። ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀን አቆጣጠር ጋር የሚሄድ ስለሆነ አንዱ በዓል ያመለጠው ተማሪ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ቀን የተቀበለውን ሌሊት ይከልሰዋል፤ የገፋው ተማሪ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። መምህርነት የሚጀመረው እዚህ ላይ፣ ገና በተማሪነት ነው።

ንቅናቄው ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቁም ነው፤ ዘማሚው ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል፣ መቋሚያውን ተደግፎ ዜማውን በድምፅ ብቻ ያወጣዋል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል። መቋሚያው ከትከሻ ይነሣል፣ ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፣ ጫፉም በቦታው መሬት ይመታል። ሰውነቱ መቋሚያውን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ገብተው መረግድ ይሆናል፤ ንዑስና ዐቢይ መረግድ ተብሎም ይለያል። ወደ ጽፋት ሲደርስ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይጨመራል፣ ከበሮ መቺው በሁለቱ ረድፎች መካከል ወዲያና ወዲህ እያለ ይመታል። ወረብና ሽብሸባ ደግሞ የበዓሉን ደስታ ከፍ የሚያደርጉ ናቸው።

በማኅሌቱ ሌሊት ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። መሪጌታው ይመራል፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገናቸውን ይዘው ይቀባበላሉ። መልክኡ፣ ዚቁ፣ ወረቡ፣ አንገርጋሪው እየተከታተሉ ወደ እስመ ለዓለም ይደርሳሉ። አዲስ ተማሪ የሚቆመው ከረድፉ ጫፍ ነው። አንድ እርምጃ ቢሳሳት ከጎኑ ያለው በክርኑ ይነካዋል፣ ከፊት ለፊት ያለው መምህር በዓይኑ ይገሥጸዋል። በማኅሌት መካከል ተማሪን ጮኾ ማረም አይፈቀድም፤ እርማቱ በማግሥቱ በጉባኤ ቤት ይጠብቀዋል። ጽናቱም ራሱ ትምህርት ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊት የቆመ ሰው ቅዳሴው እስኪገባ መቋሚያውን ተደግፎ እንጂ ተቀምጦ አያድርም።

ዕቃዎቹ ሁሉ ትርጓሜ አላቸው። የከበሮው ሰፊ ገጽ መለኮትን፣ ጠባቡ ትስብእትን ያመለክታል፤ በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር የጌታን ግርፋት፣ የለበሰው ጨርቅ ግንዘቱን ያስታውሳል። ጸናጽሉ የያዕቆብ መሰላል ነው። ተማሪው ይህን ትርጓሜ ከምቱ ጋር አብሮ ይማራል፤ ስለዚህ በአቋቋም ቤት እግርና ሃይማኖት ተነጣጥለው አይሰጡም።

ትምህርቱን የፈጸመ ተማሪ ወደ ማስመስከሪያው ሄዶ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። ከተመረቀ በኋላ መሪጌታ ተብሎ ደብር ያገለግላል፤ ቦታና ቀለብ ካገኘም ወንበር ይተክላል። ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ ወደ ተወለዱበት ሀገር ይመለሳሉ። የዋግ ተመላሽ በገዛ ሀገሩ የጎንደሩን ወይም የደብረ ታቦሩን ስልት ይዞ ይገባል፤ የሀገሩ ደብርም የመምህሩን ስልት ይይዛል።

ጎንደር ሲዘረፍና ሲጠገን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የአቋቋም እናት ጉባኤ የነበረችው ጎንደር ሁለት ጊዜ ተናወጠች። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። ከእርሳቸው ሞት በኋላ ዙፋኑን የያዙት የዋጉ ሰው ነበሩ። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፣ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት በማሳደስና ካህናትን በመርዳትም ታወቁ። ዘመናቸው አጭር ነበር፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባሉት፣ ድል ሆኑ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ማሕዲስቶች ሠራዊት ጎንደር ገብቶ አድባራቱን አቃጠለ።

መጽሐፍ ከእሳት ሊወጣ፣ ቤተ ክርስቲያንም ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። በሰው ሰውነት ላይ ብቻ የተጻፈ ትምህርት ግን ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሲሰደድ አብሮት ይሄዳል። በእነዚያ ዓመታት አቋቋምን ያተረፈው የትምህርቱ መሠራጨት ነው፤ ከጎንደር ተምረው በየሀገሩ ወንበር የተከሉ መምህራን ስለነበሩ እናት ጉባኤዋ ስትጎዳ ትምህርቱ አልተቋረጠም።

አለቃ ገብረ ሐናና ልጃቸው

በዚያው ዘመን በአቋቋም ላይ ትልቁ ለውጥ ተደረገ። ባለቤቱ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ሕዝቡ በቀልዳቸውና ጥርስ በማያስከድነው ጨዋታቸው ያውቃቸዋል፤ ስማቸው ከአፄ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ተያይዞ በብዙ ወግ ይነሣል። አለቃ ግን በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱ፣ በጎንደር በአታ ያስተማሩ፣ በፍትሐ ነገሥት ትርጓሜ የታወቁ ሊቅ ነበሩ።

የጎንደሩ ዝማሜ መቋሚያውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅስ ነው። አለቃ ገብረ ሐና በጣና አካባቢ በተቀመጡበት ጊዜ የሐይቁን ሞገድና በዳርቻው ያለውን የደንገል ውዝዋዜ አስተውለው፣ መቋሚያና ሰውነት ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዘነብሉበትን አዲስ ዝማሜ አወጡ ይባላል። በጎንደር ያሉት ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የኖረውን ሥርዓት የሚያናጋ ሆኖ ታያቸው፣ የአለቃም የቀልድ ስም ሳይጎዳቸው አልቀረም።

አለቃ ክርክሩን ትተው ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። አለቃ ተክሌም ከአባታቸው የተቀበሉትን ይዘው በደብረ ታቦር ወንበር ተከሉ። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ስለነበረ ከተማዋ ካህናት የሚሰበሰቡባት ሆና ነበር፤ ስልቱም ደጋፊ አገኘ። ከዚያ ወዲህ የተክሌ ዝማሜ፣ ትምህርቱም የተክሌ አቋቋም ተብሎ ቀረ።

ስሙ የፈጣሪውን ሳይሆን የመምህሩን ስም መያዙ ልብ ሊባል ይገባል። አለቃ ገብረ ሐና ስልቱን አወጡ፤ ያጸኑት ግን ተማሪ ሰብስበው ዓመት ከዓመት ያስቀጸሉት ልጃቸው ናቸው። ዛሬ ከደብረ ታቦር የተመረቀ መሪጌታ በሚያገለግልበት ደብር ሁሉ ይኸው ውዝዋዜ ይታያል፤ የጎንደሩም ስልት በበአታ ወንበር ጸንቶ ቀጥሏል። አጫብር የተባለው የዜማና የአቋቋም ስልትም በያዙት ቤቶች ይሰጣል። በአንድ ደብር የሁለት ቤት ተማሪዎች ሲገናኙ በየትኛው ስልት እንደሚቆም አስቀድሞ መስማማት ግድ ይላል፤ ካልሆነ ግማሹ መቋሚያ ወደ ላይ ሲነሣ ግማሹ ወደ ጎን ያዘነብላል።

የወንበሩ ኑሮ

በጥንቱ ሥርዓት የአቋቋም መምህር የሚተዳደረው ደብሩ በያዘው መሬት ነው። ደብተራው ለአገልግሎቱ መሬት ይሰጠዋል፣ ራሱ ባያርስ ያሳርሳል፣ ከምርቱ ቤተሰቡን ይመግባል። መምህሩ ከተማሪው ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በመኸር ያግዛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ይህ መሠረት ተነሣ። አብዛኞቹ አድባራት መምህራኖቻቸውን በአነስተኛ ደመወዝና በምእመናን መዋጮ ማኖር ጀመሩ፤ ብዙ ወንበሮች ታጠፉ።

ዋግን ሌላ መከራ ቀጠለበት። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረኃብ ሰቆጣንና ዙሪያዋን ክፉኛ ጎዳ። የእርስ በርስ ጦርነቱም በዚሁ ሀገር ይካሄድ ስለነበር እርዳታ ማድረስ ከባድ ነበር። ገበሬው ለልጁ ያጣውን ለተማሪ አይሰጥም። በእንዲህ ያለ ዘመን ተማሪው ወደ ከተማ ወይም ወደ ሌላ ሀገር ይሄዳል፣ መምህሩ ብቻውን ይቀራል፤ ተማሪ የሌለው የአቋቋም መምህር ደግሞ ሲያረጅ ሙያውን የሚረከበው የለም። በዕድሜ የገፋ መምህር ዝማሜውን ተነሥቶ ማሳየት ሲያቅተው በታላቁ ተማሪ እግር ያስተምራል፦ እርሱ ተቀምጦ ያዜማል፣ ተማሪው ቆሞ ያሳያል፣ መምህሩ በቃል ያርማል። ያ ተማሪ ከሌለ ጉባኤው ያበቃል።

በሌላው ዓለምና በአዲስ አበባ መድረክ

የአውሮፓው ባሌት ታሪክ ከአቋቋም በብዙ ነገር ይለያል፤ ባሌት የቤተ መንግሥት መዝናኛ ሆኖ ተወልዶ ወደ ቲያትር የገባ ጥበብ ነው። የባለሙያው ሕይወት ግን ይመሳሰላል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ዳንሰኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። የንጉሡ አስተማሪ ፒየር ቦሻምፕ አምስቱን የእግር አቋቋሞች ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1700 ራውል ፈዬ የእግር እርምጃን በምልክት የሚያሳይ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ለድምፅ ያበጁትን ምልክት ፈረንሳዮቹ ለእግር አበጁ ማለት ነው። ያም ሆኖ ባሌት እስከ ዛሬ የሚወረሰው ከመጽሐፍ ይልቅ ከመምህር ነው። የዴንማርኩ ኦጉስት ቡርኖንቪል መጀመሪያ ዳንሰኛ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1877 ባብዛኛው የኮፐንሃገን ባሌት መሪና መምህር ሆኖ ኖረ። እርሱ ከሞተ በኋላ ተማሪዎቹ ልምምዶቹን ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ስላቆዩለት ስልቱ በስሙ ሊጠራ ቻለ። ለአለቃ ተክሌ ደብረ ታቦር የነበረችው ለቡርኖንቪል ኮፐንሃገን ናት።

በኢትዮጵያ መድረክ ውዝዋዜ መልክ መያዝ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ነው። የየብሔረሰቡ ጭፈራ ተመርጦ ለመድረክ ተቀናበረ፤ ልምድ ያካበተው ተወዛዋዥም አዲሱን ያሠለጥናል። ወደ ዘመናዊ ዳንስ ሲመጣ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ መጥቶ የጎዳና ልጆችን በማሠልጠን በካርል ኦርፍ ካርሚና ቡራና ሙዚቃ ትርኢት አሳየ። ከዚያ ሥራ አዱኛ የዳንስ ቲያትር ወጣ። ከአዱኛ ወጣቶች ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር የጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆኖ ተመረጠ። እርሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ ኋላ ደስቲኖ የተባለ የዳንስ ቡድን አቋቁመው ወደ ማሠልጠን ገቡ። እዚህም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ዳንሰኛው ሳያረጅ መምህር ካልሆነ የተማረው ከእርሱ አያልፍም።

ዛሬ

አቋቋም ዛሬ ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥቶ በብዙ ቦታ ይታያል። በሰንበት ትምህርት ቤቶች ወረብና ሽብሸባ ወንዶችም ሴቶችም ያቀርባሉ፤ ለዘመናት የወንዶች ብቻ የነበረው ንቅናቄ በዚህ በኩል በሩን ከፍቷል። የጥምቀትና የልደት ማኅሌት በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ በላሊበላ በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚደረገው የገና ቤዛ ኩሉም በየዓመቱ ብዙ ምእመንና እንግዳ ይስባል። ውጭ ሀገር ባሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትም መሪጌታዎች ያገለግላሉ።

ይህ ሁሉ ግን ያስመሰከረ መምህርን አይተካም። በቀረጻ የተማረ ወጣት ዐቢዩን መረግድ አይቶ መኮረጅ ይችላል፤ ጉልበቱ ከምቱ ቀድሞ መሰበሩን ግን ካሜራው አይነግረውም። ቀረጻ ያስታውሳል እንጂ አያርምም። በተጨማሪም በቴሌቪዥን የሚታየው የታላላቅ በዓላት ወረብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቀው የየሰንበቱ መዝሙርና የየወሩ በዓል ሥርዓት ያለው በጉባኤ ቤት ነው።

ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ አድባራት የሚበጀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው በጎንደርና በደብረ ታቦር አስመስክረው የተመለሱ መምህራን በሀገራቸው ወንበር ተክለው እንዲቀመጡ ቋሚ መተዳደሪያ ማግኘታቸው ነው። ሁለተኛው ተማሪው በድርቅ ዓመት እንዳይበተን ለጉባኤ ቤቱ ቀለብ የሚሆን እህል ማስቀመጥ ነው። የሀገረ ስብከቱ፣ የምእመናኑና በሌላ ከተማ የሚኖሩ የዋግ ተወላጆች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ስልት የተረፈው አንድ መምህር ወንበር ስላገኘ ነው፤ የዋግም ማኅሌት የሚቀጥለው በዚሁ መንገድ ነው።